ከጁኖ ወደ አንድሮይድ፦ ቆላ ደጋ ይዤው የዞርኩት የእጅ ኮምፒውተር

ለዓመታት ትሪምብል ጁኖ ኤስቢ የሚባል ጂፒኤስ ያለው የእጅ ኮምፒውተር ይዤ ነው የሠራሁት። አሁን ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤክስከቨር 5 በሚባል ስልክ ላይ ኪውፊልድ የሚባለውን የካርታ አፕ ጭኜ እየሠራሁ ነው። ክረምቱንም በጋውንም አሳልፌበታለሁ። ደብረ ብርሃን ዙሪያ፣ አንኮበር፣ መሐል ሜዳ፣ ወደ ታች ደግሞ ሸዋ ሮቢት ድረስ ይዤው ዞሬያለሁ።

ሥራዬ ተፋሰስ ነው። እርከኑን፣ ቦረቦሩን፣ ምንጩን፣ የችግኝ ቦታውን እየዞርኩ ካርታ ላይ አሰፍራለሁ፤ የባለማሳውን ስም፣ የይዞታ ደብተር ቁጥሩንና ማሳው ላይ የተሠራውን ሥራ እመዘግባለሁ። ስለዚህ ይሄ ግምገማ እንደኔ ሜዳ ለሚውል ሰው ነው። ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ ለሚፈልግ ብዙም አይጠቅምም።

ለውጡ ያዋጣል ወይ ለሚል፣ በደንብ ያዋጣል። ግን ብዙ ሰው በሚገምተው ምክንያት አይደለም።

ጁኖን ለማያውቅ ትንሽ ልበል። ስክሪኑ 3.5 ኢንች ነው፣ ፕሮሰሰሩ 533 ሜጋኸርዝ፣ ራሙ 128 ሜጋባይት። የሚሠራው በዊንዶውስ ሞባይል 6.1 ነው። ጂፒኤሱ ውስጡ አለ፤ አርክፓድ የሚባለውን የካርታ ፕሮግራም ጭናችሁበት ማሳውን እየዞራችሁ ፖሊጎን፣ ማለትም የማሳውን ዙሪያ ቅርጽ፣ ታነሳላችሁ። ዛሬ ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። በወረቀትና በሜትር ገመድ ለሚሠራ ሰው ግን ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ያን ውለታውን አልረሳም። እስካሁንም ሲበራ ይሠራል። ያስቸገረኝ ዙሪያው ያለው ዓለም ጥሎት መሄዱ ነው። ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም ለድሮ ዊንዶውስ የተሠራ ነው፤ ዊንዶውስ 10 ላይ እሱን ማስነሳት ብቻውን የግማሽ ቀን ሥራ ይሆናል። እኔ መጨረሻ ላይ ትቼው ሚሞሪ ካርዱን እያወጣሁ ነበር የምገለብጠው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ፊደል።

ጁኖ ላይ አማርኛ መጻፍ አይቻልም ነበር። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ዝርዝር ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዊንዶውስ ሞባይል 6.1 የወጣው ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይቶ በ2008 ነው፤ ሆኖም ፎንቱም ኪቦርዱም አብሮት አልመጣም። አማርኛ ያለበት ፋይል ብትከፍቱበት ባዶ ሳጥን ይደረድርላችኋል። ስለዚህ የሰው ስም በላቲን ነበር የምንመዘግበው። ይሄ ሲያዩት ቀላል ነገር ይመስላል። ግን ጸጋዬን አንዱ በቲኤስ ይጀምረዋል፣ ሌላው በኤስ፣ ሦስተኛው መጨረሻው ላይ ኢ ይደግምበታል። ቢሮ ገብታችሁ የሦስት ሰው መዝገብ ስታዋህዱ አንድ ገበሬ ሦስት ሰው ሆኖ ይወጣል። ከዚያ ማን ማን እንደሆነ ለማጣራት ተመልሶ ቀበሌ መውረድ ነው።

ሼፕፋይል በሚባለው የድሮ የካርታ ፋይል ዓይነት ላይ አማርኛ እንኳ ብትጽፉ ሌላ ጣጣ አለ። የዓምዱ ስም ከ10 ፊደል አይበልጥም። የጽሑፉም ርዝመት የሚለካው በባይት ነው፤ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የዩኒኮድ አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ስለዚህ ለስም 30 ቦታ ሰጥታችሁ ከሆነ የሚገባው 10 ፊደል ብቻ ነው። ወልደ ገብርኤል ብላችሁ ስትጀምሩ የአባት ስም ሳይደርስ ይቆረጣል። ኪውፊልድ የሚሠራበት ጂኦፓኬጅ የሚባለው የፋይል ዓይነት ይሄ ችግር የለበትም። ስሙን እስከ አያት ጻፉት፣ አይቆርጠውም።

አሁን ስልኩ ላይ በአማርኛ ኪቦርድ ነው የምጽፈው። ስሙ በአማርኛ፣ የጎጡ ስም በአማርኛ፣ የሰብሉም ዓይነት ከዝርዝር የሚመረጥ ሆኖ በአማርኛ። ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን ከኔ ጽሑፍ አይደለም፤ ባለማሳው ራሱ ማንበብ መቻሉ ነው። መንዝ ላይ አንድ አባት ማሳቸውን ዞረን ስንጨርስ “እስቲ አሳየኝ ልጄ፣ ምን ብለህ ጻፍከኝ?” አሉኝ። ስክሪኑን ሰጠኋቸው። የአያታቸውን ስም አሳርመውኝ፣ ከጎን ያለው ማሳ የወንድማቸው እንጂ የሳቸው አለመሆኑን ካርታው ላይ በጣታቸው አሳዩኝ። በጁኖ ጊዜ ይሄ ስህተት የሚገኘው ከወራት በኋላ ነበር፣ ያውም ከተገኘ።

መሬት የሚለካ ሰው ገጠር ሲገባ ምን ዓይነት ዓይን እንደሚያየው ሜዳ የወጣ ሁሉ ያውቃል። ግብር ሊጨምሩብን ነው፣ ሊወስዱብን ነው ይባላል፤ ሰው ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ትንሽ ግራጫ ሳጥን ይዞ በብዕር የሚነካካ ሰው፣ የሚጽፈው ደግሞ በፈረንጅ ፊደል ከሆነ፣ ጥርጣሬው ይብሳል። ስልኩን ግን ሁሉም ያውቀዋል፤ ልጃቸው ኪስ ውስጥ አለ። ካርታውን አሳይቼ፣ ስማቸውን አንብበው፣ “ይሄ ነው የተጻፈው” ስላቸው ነገሩ ይለወጣል። እኔ ለዚህ ብቻ ብዬ እንኳ እቀይረው ነበር።

አንድ ነገር ግን አማርኛውም አልፈታውም። ኃይሉ፣ ሃይሉ፣ ሀይሉ ተብሎ የተጻፈ ስም ለኮምፒውተር ሦስት የተለያየ ስም ነው። ስለዚህ መዝገብ የማገናኘው በስም አይደለም፤ በይዞታ ደብተር ቁጥር ነው። እናንተም ፎርም ስታዘጋጁ ቁጥሩን ግዴታ አድርጉት፣ ሳይሞላ አያሳልፍ። ኪውጂአይኤስ በሚባለው የኮምፒውተር ካርታ ፕሮግራም ላይ ፎርሙን ስትሠሩ ይሄን ማዘዝ ትችላላችሁ፣ ኪውፊልድም ያከብረዋል።

ልኬቱስ? ብዙ ሰው አዲስ ዕቃ ሲገዛ ልኬቱ በጣም የሚሻሻል ይመስለዋል። አይሻሻልም፣ ማለቴ ገላጣ ሜዳ ላይ ልዩነት የለውም። ጁኖ ከ2 እስከ 5 ሜትር ባለው ስህተት ውስጥ ነበር የሚሠራው፤ ስልኩም ጫጫ ሜዳ ላይ እዚያው ነው። ልዩነቱ የሚታየው ገደል ሥር ነው። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ ግማሹ ሰማይ በተራራው ተይዟል። ጁኖ የሚያየው የአሜሪካኖቹን ጂፒኤስ ሳተላይቶች ብቻ ስለሆነ እዚያ ቆሞ መጠበቅ ነበር። ስልኩ የሩሲያውን ግሎናስ፣ የአውሮፓውን ጋሊሊዮና የቻይናውን ቤይዱ ይጨምራል፤ የጎደለውን ከዚያም ከዚያም ሰብስቦ ቦታውን ይይዛል። ጥቅጥቅ ያለ ባህር ዛፍ ውስጥ ግን ሁለቱም ይቸገራሉ፤ ኪውፊልድ ላይ የብዙ ንባብ አማካይ የሚወስድ ምርጫ አለ፣ እዚያ እሱን እጠቀማለሁ።

እንደ ቁም ነገር ያዙልኝ፦ በዚህ ስልክ የድንበር ክርክር አይፈታም። ሂሳቡ ቀላል ነው። 50 በ50 ሜትር የሆነ ማሳ 2,500 ካሬ ሜትር ነው፣ ሩብ ሄክታር። አንዱ ጎን በ3 ሜትር ቢሳሳት 150 ካሬ ሜትር ሄደ ማለት ነው፤ ከመቶ ስድስት እጅ። ለእርከን ሥራ፣ ለችግኝ ቆጠራ ምንም አይደለም። ሁለት ወንድማማቾች ለሚካሰሱበት ወሰን ግን አይሆንም፤ እዚያ የሚያስፈልገው በሴንቲሜትር የሚለካው የቀያሾች መሣሪያ ነው። “ስልክህ ይለካው የለ” ብሎ የሚያግባባችሁ ሰው ይመጣል። እምቢ በሉ።

ከድሮው ወደ አዲሱ ዳታ ስታዛውሩ የምትጠነቀቁት ነገር አለ። የድሮ ካርታዎቻችን አዲንዳን በሚባለው ዳተም፣ ማለትም የካርታው ቁጥሮች በሚነሱበት መነሻ ልኬት፣ ነው የተሠሩት፤ ጁኖ ላይም ብዙ ጊዜ የሚመረጠው እሱ ነበር። ስልኩ የሚሰጠው ደብሊውጂኤስ 84 በሚባለው ሌላ ዳተም ነው። ሁለቱም ለኛ አካባቢ ዞን 37 ሰሜን ይባላሉ፣ ቁጥሮቹም ይመሳሰላሉ፣ ግን እኛ ጋ አንድ ነጥብ ከአንዱ ወደ ሌላው ሳይቀየር ቢጫን ከ200 ሜትር በላይ ይሸሻል። በዳገታማ አገር 200 ሜትር ማለት ምንጩ ወንዙ ማዶ ሄደ ማለት ነው። ኪውጂአይኤስ ላይ የአዲንዳኑ ኮድ 20137፣ የደብሊውጂኤሱ 32637 ነው። እያንዳንዱን የድሮ ፋይል የቱ እንደሆነ ለይታችሁ፣ ቀይራችሁ፣ የምታውቁት መንገድ ወይም ቤተ ክርስቲያን ላይ መገጣጠሙን አይታችሁ ብቻ ነው ወደ ስልኩ የሚጫነው።

ዝናብና ብርድ ላይ እንዲህ ነው። ጁኖ የሚነካው በስታይለስ ነበር፣ ጫን ሲሉት ነው የሚሠራው። ጓንት ቢኖር፣ ጠብታ ቢያርፍበት ንክኪው ግድ የለውም። የዛሬ ስልክ ስክሪን ግን የውኃ ጠብታውን እንደ ጣት ይቆጥረዋል፤ ክረምት ላይ ካርታው በራሱ ይንሸራተታል፣ ያልነካችሁት ይከፈታል። ስልኩ ራሱ ውኃ አይገባውም፣ የውኃና የአቧራ መከላከያ ደረጃው አይፒ 68 ነው፤ የሚያስቸግረው መንካቱ ነው። መፍትሔ አለው። ኪውፊልድ ላይ የድምፅ ማስተካከያውን ቁልፍ ነጥብ ማስገቢያ ማድረግ ይቻላል። ስክሪኑን ሳትነኩ ማሳውን እየዞራችሁ በየማዕዘኑ ቁልፉን መጫን ነው። በሐምሌ ዝናብ ውስጥ ይሄ አዳነኝ። ለጓንት ደግሞ ንክኪውን ከፍ የሚያደርግ ምርጫ ስልኩ ላይ አለ፤ ጠዋት ደብረ ብርሃን ላይ ጣት ሲደነዝዝ በስስ ሹራብ ጓንት ይሠራል፣ በወፍራሙ ግን ያዝ ለቀቅ ይላል።

ባትሪው የሚወጣ የሚገባ መሆኑ ይሄን ስልክ ያስመረጠኝ ነገር ነው። መጠኑ 3,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ጂፒኤስ በርቶ፣ ስክሪኑ በፀሐይ እስከ መጨረሻ ደምቆ አያዛልቅም። ግን ትርፍ ባትሪ ይዞ ቀትር ላይ መቀየር ነው፣ ልክ እንደ ጁኖ። ጓሳ ላይ፣ ከ3,200 ሜትር በላይ፣ ማታ ውርጭ ስለሚወርድ ባትሪ በብርድ ቶሎ ይደክማል፤ ትርፉን ከውስጥ ኪሴ አድርጌ ከጋቢዬ ሥር ነው የማሳድረው። ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ደግሞ በተቃራኒው ሙቀቱ ነው ጠላት። ሞተር ሳይክል ላይ ፀሐይ እያገኘው አስራችሁ አትሂዱ። ትርፍ ባትሪ ስትገዙም ተጠንቀቁ። ከአንድ ሱቅ በርካሽ የገዛሁት ጥቂት ወር ሳይቆይ አብጦ ክዳኑን አልዘጋ አለኝ፤ ጣልኩት። ዋናውን ከስልኩ ጋር አብሮ ማስመጣት ይሻላል።

ኔትወርክ ለማይኖርበት ቦታ ምንም ስጋት አይግባችሁ። ኪውፊልድ ያለ ኢንተርኔት ሙሉ በሙሉ ይሠራል፣ የሳተላይት ምስሉንም ቀድማችሁ ብትጭኑት ከስልኩ ነው የሚያነበው። ነፃ ነው፣ ኪውጂአይኤስም ነፃ ነው፤ ለወረዳ ቢሮ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። አንድ የሚያሰለች ነገር ቢኖር ፋይል ማስገባትና ማውጣቱ ነው። ከአንድሮይድ 11 ወዲህ አፕ የራሱን ማኅደር እንጂ ሌላውን እንደ ልቡ አያይም፤ ፕሮጀክቱን በኪውፊልድ በራሱ ማስገቢያ በኩል ማስገባት፣ ስትጨርሱም በዚያው ማስወጣት ግድ ነው። እንደ ፍላሽ ሰክታችሁ ልገልብጥ ብትሉ የድሮውን ፋይል እያያችሁ አዲሱ የት ሄደ ትላላችሁ። አፑን ካጠፋችሁት ደግሞ ውስጡ ያለው ዳታም አብሮ ይጠፋል፤ ይሄን ለአዲስ ሠራተኛ መጀመሪያ ቀን ንገሩ። የእግር ዱካ ስትቀዱም ስልኩ ባትሪ ለመቆጠብ አፑን እንዳያስተኛው ከሴቲንግ ውስጥ መፍቀድ አለባችሁ።

ማን ይቀይር? ሜዳ ላይ የሰው ስም የሚመዘግብ፣ መዝገቡን ለባለቤቱ ማሳየት የሚፈልግ ሁሉ ዛሬውኑ ይቀይር። የግድ ይሄው ስልክ ይሁን አልልም፤ አራቱንም የሳተላይት ዓይነት የሚቀበል፣ ውኃ የማይገባው፣ ቢቻል ባትሪው የሚወጣ ከሆነ ይበቃል። ነጥብ ብቻ የሚያነሳ፣ ስም የማይጽፍ፣ ጁኖው ገና የሚበራለት ሰው ግን አይቸኩል፤ ብቻ ሚሞሪ ካርዱ ላይ ያለውን ሁሉ አሁኑኑ ወደ ኮምፒውተር ይገልብጥ፣ ፋይሉ በየትኛው ዳተም እንደተነሳም እዚያው ማኅደሩ ስም ላይ ይጻፍበት።