ሐረጎ የመረመረው ኮሮላ፦ በወሎ መንገድ ከበጋ እስከ ክረምት

መኪናው ቶዮታ ኮሮላ ነው፤ ባለ 1.3 ሊትር ሞተር፣ ካርቡራተር ያለው፣ ማርሹ በእጅ የሚገባ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር የ1990 ሥሪት። አዲስ አበባ ላይ ገዝቼ ደሴ ያስገባሁት የመስቀል ሰሞን ነበር። ከዚያ ወዲህ በጋውንም፣ በልጉንም፣ ክረምቱንም አብረን ከርመናል። የዘወትር መንገዱ ከደሴ ኮምቦልቻ ደርሶ መልስ ነው፤ ሐይቅና ወልዲያ በየጊዜው ይሄዳል፣ ባቲም ወርዶ ያውቃል። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ መኪናው ጥሩ ነው፤ ሻጩ ያሳየኝ መኪና ግን ይህ አልነበረም።

ሠላሳ ዓመት ያለፈውን መኪና ለምን ትገዛለህ የሚል ሰው አይጠፋም። የዛሬውን ገበያ የሚያውቅ ግን አይጠይቅም። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን ወገብ የሚያጎብጥ አደረገው፤ በ2016 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። እናም አገር ውስጥ ያለው ኮሮላ ቢያረጅም ዋጋው ከመውጣት አልቦዘነም። የኤሌክትሪክ መኪናም መልካም ነው፤ በወልዲያ መንገድ ላይ እንደ ልብ የሚሞላበት ሲገኝ እንነጋገርበታለን።

ሲገዛ የሚታየው ሁሉ ታይቷል። ሊብሬው ንጹሕ ነበር፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ገጥሟል፣ የባንክ ዕግድ የለበትም፣ ቦሎውም የዓመቱ ነው። ይዤው የሄድኩት መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ የዘይት መለኪያውን መዘዘ፣ በጣቱ ዳሰሰ፣ አሸተተ፣ መልሶ ከተተ። ከቦሌ እስከ ቃሊቲ ነዳነው፤ የሞተሩ ድምፅ እንደ ነገሩ ነው የሚሰማው፣ የሙቀት መርፌው ከታች ተኝቶ ንቅንቅ አይልም። ደላላው ከአነጋገሬ የወሎ ሰው መሆኔን አውቆ «አብሽር፣ ይህ መኪና ሙቀት የሚባል ነገር አያውቅም» አለኝ። እውነቱን ነበር። ለምን እንደማያውቅ ነው ያልነገረኝ።

አዲስ አበባና ደሴ በከፍታ ያን ያህል አይራራቁም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ስለሆነ እንዲህ ያለ ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ገደማ ያጣል። ይህ በሁለቱም ከተሞች ያው ነው። ልዩነቱ ዳገቱ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ከዚያ ተነሥቶ በሐረጎ ዳገት በኩል ደሴ ለመግባት በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ 600 ሜትር ያህል መውጣት ይጠይቃል። ከፊት ደግሞ ጭነቱን አንገቱ ድረስ የሞላ ተሳቢ ካለ፣ በሁለተኛ ማርሽ ከኋላው እየተንፏቀቁ ነው። ሞተሩ ሙሉ ኃይሉን ያወጣል፤ ራዲያተሩን የሚመታ ነፋስ ግን የለም። አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ሊሸጥ ያሰበ ሰው እንዲህ ያለ ፈተና አያዘጋጅም።

አራት ሰውና አንድ ኩንታል ጤፍ ጭኖ ሐረጎን ሲወጣ መርፌው ከተኛበት ተነሣ፤ መካከለኛው ላይ ትንሽ አረፍ አለና ወደ ቀዩ አቀና። ዳር አቁመን፣ የራዲያተሩን ክዳን ሳንነካ፣ እስኪበርድ ጠበቅን። የራዲያተሩ ቬንቲሌተር ያለማቋረጥ ይሽከረከር ነበር፤ ነገሩን እንድጠረጥር ያደረገኝም እሱ ነው። ጠዋት በደሴ ብርድ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ እንኳ ቁልፍ እንደተጠመዘዘ ነው ቬንቲሌተሩ መሽከርከር የሚጀምረው።

የደሴው መካኒኬ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ የሚናገሩት ጥቂት ነው። ታሪኩን ሰምተው ሲያበቁ በቀጥታ የቴርሞስታቱን ቤት ሁለት ብሎኖች ፈቱ። ውስጡ ባዶ ነበር። ቴርሞስታቱ መቀመጥ የነበረበት ክብ ጠርዝ ላይ የደረቀ ቀይ ሲሊኮን ብቻ ተለጥፏል። ቀጥለው የቬንቲሌተሩን ሽቦ በጣታቸው ተከተሉት፤ ከሙቀት ማብሪያው ተቆርጦ በቀጥታ ከቁልፉ ጋር ተጠምዟል፣ መገጣጠሚያው ላይም በፕላስተር ተጠቅልሏል። «አየህ ልጄ» አሉኝ፣ «መኪናውን አላከሙትም፤ ቴርሞሜትሩን ነው የሰበሩት።»

ቴርሞስታት ሥራው ቀላል ነው። ሞተሩ እስኪሞቅ ውኃውን ወደ ራዲያተር አያሳልፍም፤ በ80ዎቹ ዲግሪ ውስጥ ሲደርስ ይከፍታል። ሲያወጡት ውኃው ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ይዞራል፤ በሜዳ ላይ መኪናው ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ይመስላል፣ በብርድ አገርም ነዳጅ ይበላል። የደከመ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ አካልና በላይኛው ክፍሉ በቴስታታው መካከል ያለ ማሸጊያ) ያለበትን ሞተር ገዢ ፊት ለማቅረብ ከዚህ የተሻለ መላ የለም። ሁለተኛው ነገር የራዲያተሩ ክዳን ነው። በደሴ ከፍታ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ 0.9 የሚል ቁጥር የተጻፈበት ደህና ክዳን ግን ግፊቱን አፍኖ ይህን ከ110 በላይ ያደርሰዋል። የእኔው ክዳን ስፕሪንጉ ሞቷል፣ ጎሚኒው ተሰነጣጥቋል። በዚህ አገር ለእንዲህ ያለ ትንሽ ክዳን የሚከፈል ገንዘብ የትም ቦታ ከሚከፈለው በላይ ዋጋ አለው።

ቴስታታው ተነሣ። ጓርኒሲዮኑ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሲሊንደር መካከል ጠቁሮ ተበልቷል። ቴስታታው ኮምቦልቻ ቶርኖ ቤት ሄዶ ፊቱ ተስተካከለ፤ ከተነሣ አይቀር ብለንም ሌላ ዕዳ አብረን ዘጋን። ይኸኛው የታየው በቁልቁለቱ ነው። ሐረጎን እግሬን ከነዳጅ አንሥቼ በሞተር እየያዝኩ እወርድና ታች ሜዳው ላይ ነዳጅ ስረግጥ፣ በመስታወት ሰማያዊ ጭስ ይታየኛል፤ ጥቂት ብሎ ይጠፋል። ሞተር በቁልቁለት ሲይዝ ወደ ውስጥ ይስባል፤ የባልቮላዎቹ ጎሚኒ ከደረቀ ዘይቱን ይጠጣል፣ ሲረገጥ ያጨሰዋል። ሻጩ ወፍራም ዘይት ሞልቶበት ስለነበር ሜዳ ላይ ምንም አልታየም። ጎሚኒዎቹ ተቀየሩ፣ የታይሚንግ ቺንጋውም ተተካ። አሁን ዘይት አይጎድልም፤ ጠዋት ጠዋት ግን ከልማድ መለኪያውን እመዛለሁ።

ስለ ፍሪሲዮን ብዙ አልልም። ደሴ ውስጥ ከፒያሳ ወደ ጦሳ ተራራ በኩል በሚወጡት ጎዳናዎች ዳገት ላይ ቆሞ መነሣት የዕለት ሥራ ነው፤ ያለቀ ፍሪሲዮን ሳምንት አይደበቅም፣ የእኔውም አልተደበቀም። የፍሬን ዘይቱ ጠቁሮ ነበር። ይህ ዘይት በጊዜ ብዛት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ በረጅም ቁልቁለት ፍሬኑ ሲግል ያ እርጥበት ይፈላና ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይሆናል። ተቀይሮ ችግሩ አበቃ። አሮጌ መኪና ገዝቶ ወደ ወሎ የሚመጣ ሰው ደብረ ሲናን ከመውረዱ በፊት ይህን ዘይት ቢቀይር እመክራለሁ፤ ከጣርማበር በታች ያለው ቁልቁለት ከሐረጎ ይረዝማል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የሞተር ጣጣ ነው፤ የሞተር ጣጣ በገንዘብ ያልቃል። ያናደደኝ ሐምሌ ላይ የወጣው ነው።

የደሴ ክረምት የታወቀ ነው። ጉሙ ከጦሳ ይወርዳል፣ ዝናቡም ቀን ከሌት አይልም። መስታወቱ ከውስጥ እንፋሎት ይይዝ ጀመር፤ ጠርጌው ሳልጨርስ ይመለሳል። ከፊት የምትቀመጠው እናቴ «ልጄ፣ እግሬን ይበርደኛል» ስትል ማሞቂያውን ከፈትኩላት፤ በማግስቱ ምንጣፉን ስዳስስ ግን ውኃ አለው። መቀመጫውን ፈትቼ ምንጣፉን ገለጥኩ። ከሥሩ ያበጠ ጨርቅ፣ ከጨርቁ ሥር እንደ ጋቢ ወፍሮ የተቀባ ሬንጅ ነበር። ሬንጁን በካቻቪቴ ስፍቀው ቢጫ ቀለም ብቅ አለ፤ ቀጥሎ ቅጠል፣ ቀጥሎ የሱፍ አበባ። የምግብ ዘይት ጣሳ ነው። ተቆርጦ፣ ተዘርግቶ፣ በሪቤት ተመትቶ የበሰበሰውን ወለል ሸፍኗል። ቀዳዳው መቀመጫውን ከያዘው ብሎን አንድ ጣት ቢርቅ ነው።

ቴርሞስታቱን ያወጣው እጅ ገንዘቤን ነው የፈለገው፤ ይገባኛል፣ ገበያ ነው። በዚያ መቀመጫ ላይ ሰው እንደሚቀመጥ እያወቀ በጣሳ የደፈነውን ግን ሐላል የሚለው የለም። ዝገቱ እስከ ደህናው ብረት ድረስ ተቆርጦ በወፍራም ላሜራ ተበየደ፣ ጸረ ዝገት ተቀባ፣ ከዚያ ነው ምንጣፍ የለበሰው። የኋላው ጭቃ መከላከያም ማግኔት አይዝም፤ ስቱኮ ነው። እሱን ትቼዋለሁ፣ ሰው አይቀመጥበትም።

ለጥገና የወጣው ሲደመር ከመግዣው አንድ አምስተኛ ገደማ ይሆናል። ብዙ ነው፤ ሆኖም በዚያ ዋጋ ከዚህ የተሻለ መኪና ዛሬ አይገኝም። የተጠገነው ኮሮላ ሐረጎን ሙሉ ሰው ጭኖ ሲወጣ መርፌው መካከል ላይ ይቆማል። ረጅም መንገድ ላይ በሊትር 12 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፣ ደሴ ውስጥ ከዚያ ያንሳል። ባቲ ቆላ ሲወርድ ትንፋሹ ሰፋ ይላል፤ ልዩነቱ በእግር ይታወቃል። ዕቃው የትም አለ፤ ደሴ ያልተገኘው መርካቶ ሶማሌ ተራ ይገኛል፣ በአውቶቡስ ይላካል። ይህን ሞተር ፈቶ መግጠም የማያውቅ መካኒክም በመንገዱ ላይ አላጋጠመኝም። ጉዳቱ ጠባብ መኪና መሆኑ ነው፤ ከኋላ ሦስት ሰው ከተቀመጠ ወልዲያ ሲደርስ ሦስቱም ያኮርፋሉ።

ለመግዛት የሚሄድ ሰው ሜዳ ላይ አይመዝነው። በማለዳ፣ ሳይነገር ይሂድ፤ ኮፈኑን በእጁ ይንካ፣ ሞቆ ከጠበቀው አንድ የተደበቀ ነገር አለ። ሞተሩ ሲነሣ የራዲያተሩን የላይኛውን ቱቦ ይያዝ፤ ቴርሞስታት ካለው ለጥቂት ደቂቃ ቀዝቅዞ ይቆይና በአንድ ጊዜ ይሞቃል፣ ከሌለው ቀስ በቀስ ለብ እያለ ይሄዳል። ከዚያ ሰው ጭኖ እንጦጦን በሁለተኛ ማርሽ ያስወጣው፤ ሲመለስ በሞተር ይዞ ይውረድና ታች ላይ ነዳጅ ሲረግጥ በመስታወት ወደ ኋላ ይመልከት። የፔዳሎቹ ጎማ አዲስ ሆኖ ወንበሩ ካለቀ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን አይመን። ምንጣፉንም ይግለጥ። ሻጩ «ይበላሻል፣ አትንካው» ካለ ውሉ እዚያው ያብቃ።

እንሽጠው የሚል ደላላ መጥቶ ነበር፤ አልሸጥም። ከሥራው የቀረው የኋላው የግራ በር ነው፤ ከውስጥ አይከፈትም። እጀታው ከሶማሌ ተራ ታዟል። እስኪመጣ ድረስ ከዚያ በኩል የሚቀመጠው ሰው መስታወቱን አውርዶ፣ እጁን አውጥቶ፣ በሩን ከውጭ ይከፍታል።