በደሴ የፓቶሎጂ ምርመራ፦ የመንጋጋ እብጠት ይዘን ሄደን ያገኘነው አገልግሎት

የእህቴ ልጅ የሰባት ዓመት ልጅ ነው፤ የሚኖረውም ኮምቦልቻ ነው። ቀኝ መንጋጋው ሲያብጥ መጀመሪያ ያየው የጤና ተቋም የጥርስ መግል ነው ብሎ አንድ ጥርስ ነቀለለት፤ አንቲባዮቲክም አዘዘለት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ግን እብጠቱ ጉንጩን ወጥሮ ወደ ዓይኑ ሥር ደረሰ፤ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ወዳለው አነስተኛ የግል ፓቶሎጂ ክሊኒክ (ከሰውነት የተወሰደ ናሙና በማይክሮስኮፕ የሚመረመርበት) የወሰድነውም ያኔ ነው።

ሐኪሟ ወረቀቱን ከማየቷ በፊት እናቱን፣ «እህቴ፣ የተነቃነቁት ጥርሶች ያሙታል?» ብላ ጠየቀች። አያሙትም ነበር። ጥርስ ያለ ሕመም መነቃነቁ ከመግል ይልቅ አጥንቱ ውስጥ የሚያድግ ነገር መኖሩን እንደሚያሳይ አስረድታን፣ በቀጭን መርፌ ናሙና ወስዳ ስላይድ ላይ ቀባችው። በማይክሮስኮፕ እንዳይ ስትፈቅድልኝ ያየሁት ጥቅጥቅ ያሉ ሰማያዊ ክብ ሴሎችን ነው፤ በመርፌ የተበሱ የሚመስሉ ነጫጭ ነጠብጣቦችም ነበሩባቸው።

ውጤቱ በማግስቱ ደረሰ፦ በርኪት ሊምፎማ። ይህ የሊምፎማ (ከነጭ የደም ሴሎች የሚነሳ ካንሰር) ዓይነት፣ ዴኒስ በርኪት የተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1958 በኡጋንዳ ሕፃናት መንጋጋ ላይ አይቶ የገለጸው ሲሆን፣ እብጠቱ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ እጥፍ ሊሆን ስለሚችል አንድ ሳምንት መጠበቅ እንኳ ብዙ ነው፤ ኬሞቴራፒ ቶሎ ከተጀመረ ግን ብዙ ሕፃናት ይድናሉ። ለዚህ ክሊኒክ ከሁሉ በላይ የማመሰግነው ፍጥነቱን ነው። ሐኪሟ በዚያው ቀን ለጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሪፈር ጻፈች፤ እብጠቱን ለማብረድ በሚል ዴክሳሜታዞን የተባለውን የስቴሮይድ መድኃኒት እንዳንሰጠውም አጥብቃ አስጠነቀቀችን፤ መድኃኒቱ ሊምፎማን ለጊዜው አሟሽሾ ምርመራውን ሊያሳስት ይችላልና።

ጉድለቱንም ልናገር። ውጤቱ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ብቻ ስለሆነ እህቴ ምንም አልተረዳችውም፤ ቢያንስ ግማሽ ገጽ የአማርኛ ማብራሪያ ቢያያዝ ለወላጅ ትልቅ እፎይታ ነው። የሊምፎማን ዓይነት ለመለየት የሚያስፈልገው ልዩ የማቅለሚያ ምርመራም የለም። ሊምፎማ ከቲቢ ጋር ሊምታታ ስለሚችልም፣ አንገቱ ላይ እጢ ወጥቶበት ቲቢ ነው ተብሎ የታከመና ያልተሻለው ሰው፣ የመርፌ ናሙና ብቻ ላይበቃው ስለሚችል እጢው በሙሉ ወጥቶ ይመርመርልኝ ብሎ ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ይህን የነገረችንም ራሷ ሐኪሟ ናት።

ክፍያው አስቀድሞ ይነገራል፤ ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ ዝግ ነው። የሚሄድ ሰው የቀድሞ ራጅና የወሰዳቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር ይያዝ፤ ሲወጣም ስላይዶቹን መጠየቅ አይርሳ፤ ሌላ ሆስፒታል እንደገና ያያቸዋልና። የእኛን በጥጥ ጠቅልለው በትንሽ ካርቶን ሰጡን፤ እህቴም እስከ አዲስ አበባ ድረስ ጭኗ ላይ ይዛቸው ሄደች።