አቦ ሸማኔ ስትመጣ ሞተር ያስነሳው ሹፌራችን

ናይሮቢ ያላችሁም ሆነ ከአገር ቤት ለሽርሽር የምትመጡ ሰዎች "ማሳይ ማራ የሚወስድ ጥሩ ሰው ታውቃለህ?" እያላችሁ ስትጠይቁኝ ከርማችኋል። ማሳይ ማራ ማለት የኬንያ የዱር አራዊት ጥብቅ ክልል ነው። እስካሁን መልሴ "አላውቅም" ነበር። አሁን አውቃለሁ። ጽሁፉ ትንሽ ይረዝማል። ሰውዬውን እንድመክር ያደረገኝ ነገር መጀመሪያ ያናደደኝ ነገር ስለሆነ ከሥሩ መጀመር አለብኝ።

ባለፈው ነሐሴ እማዬ ከደብረ ብርሃን መጣች። እኔ ፈቃድ የማገኘው ያን ሳምንት ብቻ ስለነበር ጉዞው ፍልሰታ ላይ ወደቀ። "በጾም ሽርሽር?" ብላ አጉረመረመች። ቀጥላ "ደግሞስ አንበሳ ለማየት ከሆነ ስድስት ኪሎ አይቻለሁ" አለች። አፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1948 ያቋቋሙትን አንበሳ ግቢ ማለቷ ነው። ልጅ ሆኜ እኔንም ወስዳኛለች። አንበሳው ጀርባውን ሰጥቶን ተኝቶ ነበር፤ የማስታውሰው ሽታውን ብቻ ነው።

ሹፌሩም አስጎብኚውም አንድ ሰው ነው። የማሳይ ልጅ፣ አርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ ዝምተኛ። ከጉዞው በፊት ባለው ቀን ደውሎ "እናትህ ምን ይበላሉ?" አለኝ። ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል እንደማትበላ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ደግሞ ውሃም እንደማትቀምስ ነገርኩት። ምንም አልተገረመ። ምሳችን ሲከፈት ሩዝ፣ ቦሎቄ፣ ቻፓቲና ሱኩማ ነበር። ሱኩማው ጎመን መሆኑን ስታይ እማዬ ፊቷ ፈታ አለ። እሱም ዘጠኝ ሰዓት እስኪሞላ የራሱን ምሳ አልከፈተም። ማንም አላዘዘውም።

መንገዱን አልተርክም። ናሮክ ላይ ሻይ አለ፣ ሴኬናኒ በር ላይ ጨሌ የሚሸጡ እናቶች አሉ፣ ወገብ ያማል።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት አንዲት አቦ ሸማኔ ኩይሳ ላይ ተቀምጣ አገኘን። ከደረሱ ሦስት ልጆቿ ጋር። ከዓይኗ ሥር እስከ አፏ የሚወርደው ጥቁር መስመር ያለቀሰች ያስመስላታል። እማዬ "ነብር!" አለች። እሱ የአማርኛውን ቃል ከአፏ ቀበል አድርጎ "ነብር አይደለም ማማ፣ ዱማ" አላት። እኛ አገር ሁለቱን የማይቀላቅል ሰው ስንት ነው? ነብር ዛፍ ላይ የሚወጣው፣ ሌሊት የሚያድነው፣ ግዳዩን ቅርንጫፍ ላይ የሚሰቅለው ነው። አቦ ሸማኔ ቀጭን ነው፣ በቀን ያድናል፣ እንደ አንበሳም አያገሳም።

ከዚያ አቦ ሸማኔዋ ተነሳች። ቀጥ ብላ ወደ እኛ መጣች። ስልኬን አወጣሁ። በማራ አቦ ሸማኔዎች መኪና ላይ እንደሚወጡ ሁሉም ያውቃል። ማላይካ የምትባለዋ በዚሁ ነው ዓለም ያወቃት። አሥር እርምጃ ሲቀራት ሰውዬው ሞተር አስነስቶ ላጥ አለ!

"ምን ሆነሃል?" አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። አቦ ሸማኔዋ ወደ ጎረቤት መኪና ዞረች። በኮፈኑ ላይ ዘላ ጣሪያው ላይ ወጣች። ውስጥ ያሉት ሰዎች በደስታ ይጮሃሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ። እኔ ቆሽቴ አረረ።

ራቅ ብሎ አቁሞ ሞተሩን አጠፋና ዞረ። ለእሷ መኪናው ረጅም ኩይሳ ነው አለኝ። ሚዳቋ ለማየት ትወጣለች። አንድ ሰው ሲጮህ ትደነግጣለች፣ ከተንሸራተተች እግሯ ይሰበራል፣ እግሯ የተሰበረ አቦ ሸማኔ ደግሞ በረሃብ ያልቃል። ልጆቿም ያንኑ ይማራሉ። ቀጥሎ የነገረኝን በኋላ ራሴ አጣራሁት። ማራ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት አለ። ጎብኚ በሚበዛበት አካባቢ አንዲት አቦ ሸማኔ በአንድ ጊዜ ከወለደቻቸው ውስጥ አሳድጋ የምታደርሰው በአማካይ 0.2 ነው። ጎብኚ በሚያንስበት 2.3። 0.2 ማለት አምስት ጊዜ ወልዶ አንድ ማሳደግ ማለት ነው።

እማዬ ምን እንዳለ ጠየቀችኝ። ተረጎምኩላት። "ልክ ነው። አራስ ቤት እንዲህ ይንጫጫሉ?" አለችና ጉዳዩን ዘጋችው።

እኔ ግን ወዲያው አልበረደልኝም። ልብ ካለኝ ግን መማር የነበረብኝ ቀደም ብሎ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በሚያዝያ ከሌላ ሹፌር ጋር ሄጄ ነበር። ያ ሰው ደስ ሊያሰኘን ብሎ ነብር እያሳደደ ከመንገድ ወጣ፤ በክልሉ ውስጥ የተከለከለ ነው። መረሬው እስከ ግማሽ ጎማ ዋጠን። ሦስት ሰዓት ጭቃ ውስጥ ተቀመጥን። ነብሩንም አላየነውም፣ ጭራሽ ቅጣቱን ተካፍላችሁ ክፈሉ አለን። ያኔ ሳፋሪ ማለት እንዲህ ነው ብዬ ተቀበልኩት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር።

በዚያው ቀን ስምንት ሰዓት ገደማ አራት ሴት አንበሶች ቁጥቋጦ ሥር ተኝተው ነበር። ራቅ ብለን ቆመናል። ፀሐዩ አናት ይበሳል። አንደኛዋ ተነሳች፣ አዛጋች፣ ወደ እኛ መጣች። እንደ ጠዋቱ ሞተር ሊያስነሳ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ግን ከመቅጽበት በመኪናው ጥግ ዞራ ከኋላ ጎማው ጋር ተለጥፋ ዘፍ አለች። ለካ የፈለገችው ጥላችንን ነው። በእማዬ በኩል፣ ከመስኮቷ ሥር።

ጠዋት ሲነግረን በግማሽ ጆሮ ነበር የሰማሁት። አንበሳ መኪናውንና እኛን እንደ አንድ ትልቅ ነገር ነው የሚያየን፤ ከቆምክ ወይም እጅህን ካወጣህ ግን ከዚያ ነገር ላይ ሰው ይወጣል፣ ያኔ ያይሃል ብሎን ነበር። አሁን የእማዬ ነጠላ ጫፍ በመስኮቱ ወጥቶ ይወዛወዛል። የአንበሳዋ ጆሮ ተቀሰረ።

ሰውዬው አንገቱን እንኳ አላዞረም። በኋላ መመልከቻው መስታወት አይቷታል። በሹክሹክታ፣ ጠዋት ከእኛ በተማራት አንዲት ቃል "ቀስ" አለ። ዝም ብሎ ደግሞ "ቀስ፣ ማማ"። እማዬ ፈትል እንደምትፈትል በሁለት ጣቷ ነጠላውን ስንዝር በስንዝር ሳበችው። መስኮቱን ልዝጋ ብዬ እጄን ስዘረጋ በዓይኑ ከለከለኝ፤ መዝጊያው ይንቋቋል።

ሃምሳ ደቂቃ እንዲህ ተቀመጥን። መሄድ አይቻልም፤ ጅራቷ ጎማው ሥር ገብቷል። ትንፋሿ ይሰማል። ዝንብ ከእሷ ወደ እኛ፣ ከእኛ ወደ እሷ ይመላለሳል። እማዬ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ውዳሴ ማርያም ጀመረች። እኔ ጠዋት ሁለት ትልልቅ ኩባያ ሻይ ጠጥቻለሁ፤ ከዚህ በላይ አልናገርም። ሌላ መኪና ሲጠጋ የእኛ ሰው መዳፉን ከመሪው ሳያነሳ ጣቶቹን ብቻ ዘረጋ። ያኛው ሹፌር ገባውና እዚያው ቆመ። በየመሃሉ በመስታወቱ እያንዳንዳችንን ያየናል፣ ደህና መሆናችንን አይቶ ወደ ፊቱ ይመለሳል። ያ አስተያየት ነው ያቆየኝ። እሱ ቢደነግጥ ኖሮ እኔ በሩን ከፍቼ እሮጥ ነበር መሰለኝ።

ፀሐይዋ ዘወር ስትል ጥላውም ዘወር አለ። አንበሳዋ ተነሳች፣ ተንጠራራች፣ ወደ እህቶቿ ሄደች። ከመቶ ሜትር በኋላ እማዬ አፏን ከፈተች። "የነብር ጅራት አይዙም ሲባል ሰምቻለሁ። የአንበሳ ጅራት ላይ የቆመ ሰው ግን ዛሬ አየሁ።" ስተረጉምለት መሪውን ለቆ ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ምሳ ላይ "ከብት አይበሉባችሁም?" አለችው። የእኔ አእምሮ እዚያ አልደረሰም ነበር። ይበላሉ አላት። ልጅ ሆኖ ጥጃ ሲጠብቅ በእግሩ አግኝቷቸዋል፤ አባቱ ያስተማረው አለመሮጥን ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2015 ከብት የተበላባቸው እረኞች የሞተ ላም ላይ መርዝ አድርገው በቴሌቪዥን ከታወቀው፣ "ማርሽ ፕራይድ" ከሚባለው መንጋ አንበሶች እንደገደሉም ነገራት። ቢቢ የምትባል የ17 ዓመት አሮጊት ከሞቱት አንዷ ነበረች። እማዬ ስለ ጅብና ስለ በጎቿ ነገረችው። አንድ ሰዓት ያህል እኔ አስተርጓሚ ብቻ ነበርኩ።

ለምትሄዱ ጥቂት ነገር። ርካሽ አይደለም። የመግቢያው ብቻ፣ እኛ በሄድንበት ወቅት፣ ከጁላይ እስከ ዲሴምበር ኬንያ ነዋሪ ላልሆነ የውጭ ዜጋ በቀን 200 ዶላር ነበር፤ ከጃንዋሪ እስከ ጁን 100።  ትኬቱ ከጠዋት 12 እስከ ማታ 12 ብቻ ነው የሚሠራው። ከማንም ጋር ብትሄዱ የኬንያ የሳፋሪ አስጎብኚዎች ማኅበር የሚሰጠውን ደረጃ ጠይቁ፤ ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅ ይባላል። የእኛ ሰው ብር ነው። አንድ እንስሳ ጋ አምስት መኪና ከሞላ ተራ ይጠብቃል፣ ብትለምኑትም አይገባም።

ጉድለቱንም ልናገር። የኋላ ወንበሩ ድንጋይ ነው። ሻይ ሳይጠጣ አያናግርም። አቦ ሸማኔ ጣሪያችሁ ላይ ቆማ ፎቶ መነሳት ከፈለጋችሁ ደግሞ እሱን አትጥሩ፤ እናንተም ትናደዳላችሁ፣ እሱም።

ስሙንና ስልኩን አደባባይ ላይ እንዳላወጣ ስለነገረኝ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ወንድሜ፣ ይህን ሰው ተርጉሞ ካነበበልህ፣ እኔም እማዬም እናመሰግናለን። ለጠዋቱ ጩኸቴ ይቅርታ። የምትደውሉለት ደግሞ "የነጠላዋ ማማ ልጅ ነው የላከን" በሉት። ያውቃል።