ከጅማ መናኸሪያ ወደ ዙሪያ ከተሞች፦ የአጭር ርቀት ትራንስፖርቱ ሲገመገም

ከጅማ ተነስቶ ወደ ዙሪያ ከተሞች የሚያደርሰው የሚኒባስና የቅጥቅጥ አገልግሎት ሁሉም መስመር ላይ አንድ ዓይነት አይደለም። ዋናው መንገድ ላይ ላሉ ከተሞች ጥሩ ነው። በአዲስ አበባ አቅጣጫ ሰርቦና አሰንዳቦ፣ በበደሌ አቅጣጫ አጋሮ፣ በቦንጋ አቅጣጫ ሰቃና ሸቤ የሚሄድ ሰው ጠዋት ከወጣ ብዙም ሳይጠብቅ ይሳፈራል፤ ዋጋውም ከኮንትራት ጋር አይወዳደርም። ከዋናው መንገድ ገባ ላሉት ከተሞችና የገጠር ገበያዎች ግን አገልግሎቱ ደካማ ነው፤ ምክንያቱም የሹፌር ስንፍና ሳይሆን ገንዘቡ የሚመጣበት መንገድ ነው።

መጀመሪያ ለተሳፋሪው የሚጠቅመውን እናንሳ። መኪናው የሚወጣው በሰዓት ሳይሆን ሲሞላ ነው። ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ሲጣራ አንገት አስገብቶ ወንበር መቁጠር ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ ሦስት ወይም አራት ቦታ ይቀራል። ጠዋት ከ12 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ አራት ባዶ ወንበር የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ከቀኑ 6 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ግን እዚያው አራት ወንበር አንድ ሰዓት ሊያስጠብቅ ይችላል። ስለዚህ እኩለ ቀን ላይ ከስምንት ሰው በታች የያዘ መኪና ውስጥ ገብቶ ከመቀመጥ፣ በዚያው መንገድ አልፎ ወደ ሩቅ የሚሄድ መኪና ካለ መጠየቅ ይሻላል። አጋሮ ለመሄድ የበደሌ መኪና፣ ሰቃ ለመሄድ የሸቤ መኪና ሊያወርድ ይችላል፤ ብቻ ሙሉ ሂሳብ እንዳይጠየቅ ዋጋውን ከመሳፈር በፊት መነጋገር ነው። ሂሳብ የሚከፈለው ደግሞ መኪናው ከመናኸሪያ ከወጣ በኋላ ይሁን። አስቀድሞ የከፈለ ሰው ሌላ መኪና ቀድሞ ሲወጣ እያየ ይቀመጣል።

ሐሙስ የጅማ ትልቁ የገበያ ቀን ስለሆነ ሥርዓቱ ይገለበጣል። ጠዋት ወደ ጅማ የሚገባው ሰው ብዙ ነው፤ ሹፌሩ መልሱ እንደሚሞላለት ስለሚያውቅ ከጅማ ግማሽ ሰው ይዞም ቢሆን ይወጣል። ሐሙስ ጠዋት ከጅማ የሚወጣ ሰው ከሌላው ቀን ባነሰ ጥበቃ ይሄዳል ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ ግን ገበያተኛው በሙሉ አንድ ላይ ይመለሳል፤ ትርፍ መጫንና ከታሪፍ በላይ መጠየቅ የሚበዛውም ያኔ ነው። ከ8 ሰዓት በፊት መሳፈር የቻለ ይሳፈር።

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የቡና ወቅት ሌላ ነገር ይታሰብበት። ጣሪያ ላይ የተጫነ ጆንያ ካለ የማን እንደሆነና ምን እንደያዘ ይጠየቅ። ቡና ያለ ሕጋዊ ሰነድ ማጓጓዝ የተከለከለ ስለሆነ ባለቤቱ ያልታወቀ ጆንያ ኬላ ላይ ከተገኘ የሚቆመው መኪናው በሙሉ ነው፤ ሌላው ተሳፋሪም አብሮ ይጠብቃል።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንግባ፤ የጎን ከተሞች ችግር የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ከጅማ አጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ደርሶ መልስ 90። አንድ 12 ሰው የሚጭን ሚኒባስ በአስፋልት በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ይፈጃል ብለን ብናሰላ ለደርሶ መልሱ 9 ሊትር ይሄዳል። ሲሄድ 12፣ ሲመለስ 6 ሰው ቢጭን ለአንድ ተሳፋሪ ግማሽ ሊትር ይደርሳል። ያንኑ ርቀት በጠጠርና በጭቃ፣ በሁለተኛ ማርሽ የሚሄድ መኪና ፍጆታው ወደ 13 ሊትር ቢያሻቅብና ሲመለስ 3 ሰው ብቻ ቢያገኝ፣ 11.7 ሊትር ለ15 ሰው ይካፈላል፤ ለአንድ ሰው 0.78 ሊትር። ከመጀመሪያው ከግማሽ በላይ ጨመረ ማለት ነው፤ ጎማ፣ ባሌስትራና ፍሬን ገና አልተነሱም። የጠጠር መንገድ ታሪፍ ከአስፋልት ከፍ እንዲል የሚደረገው ለዚህ ነው፤ ነገር ግን ታሪፉ የመንገዱን ክፋት እንጂ የመልሱን ባዶነት አያሰላም። ሹፌሩ ባዶውን ላለመመለስ ወይ እዚያው ውሎ ያድራል፣ ወይ ከታሪፍ በላይ ይጠይቃል፣ ወይ ጭራሽ መስመሩን ይተዋል። ታሪፍ አስከባሪ ቢቆምበት ሦስተኛውን ይመርጣል። ቁጥጥር ብቻውን መኪና አያመጣም።

ታዲያ መንግሥት በዘርፉ የሚያወጣው ገንዘብ የት ይሄዳል? የመንገድ ፈንድ በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ ሲቋቋም ከነዳጅ ሽያጭ የሚሰበሰበው ክፍያ ለመንገድ ጥገናና ለመንገድ ደህንነት እንዲውል ነው። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው ቀበሌዎችን በመንገድ የማገናኘት ፕሮግራምም የሠራው መንገድ ነው። ሁለቱም አስፈላጊ ናቸው፤ መንገድ ከሌለ መኪና አይታሰብም። መንገዱ ላይ መኪና እንዲመላለስ የሚከፍል በጀት ግን ከሁለቱም ውስጥ የለም። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. በኋላ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ ሲነሳ ለሕዝብ ትራንስፖርት የተለየ ድጎማ ተፈቅዶ በቴሌብር በኩል ሲሰጥ ነበር። ያም የተሰላው በሊትር ነው። ሞልቶ የሚመላለሰውም ባዶውን የሚመለሰውም ለአንድ ሊትር ያገኘው እኩል ነው፤ ስለዚህ ደካማውን መስመር ለይቶ አልደገፈም። አዲስ አበባ ለከተማ አውቶቡሶቿ ከራሷ በጀት ትደጉማለች። አጋሮ ወይም ሰቃ ያንን አቅም ብቻዋን አታገኝም።

ብቻዋን አታግኝ እንጂ ተሰባስበው ይችላሉ ባዮች ነን። መኪና መግዛት አይጠበቅባቸውም፤ የመኪና ግዢ ከተጀመረ መለዋወጫውና ጋራዡ በጀቱን ይበላዋል። ያሉት ማኅበራት መኪና አላቸው። የጎደለው በተወሰነ ሰዓት የሚወጣ መኪና ነው፤ ለምሳሌ ቀን 6 ሰዓት ላይ አንድ፣ ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ አንድ። ማዘጋጃ ቤቶቹ የሚከፍሉት ለባዶ ወንበሩ ብቻ ይሁን። መኪናው በሰዓቱ ወጥቶ አራት ወንበር ባዶ ከሆነ የአራት ሰው ታሪፍ ይከፈለዋል፤ ከሞላ ምንም አይከፈለውም። ድጎማው በትክክል ክፍተቱ ላይ ያርፋል።

ይህ አሠራር የሚበላሽበት ቦታ ይታወቃል። መኪናው ስምንት ሰው ይዞ ይወጣል፣ አራት ባዶ ወንበር ያስመዘግባል፣ ከከተማው ጫፍ ላይ አራት ሰው ይጭናል። ስለዚህ ቆጠራው መነሻው ላይ ብቻ ከሆነ ገንዘቡ ይባክናል። መነሻ፣ መድረሻና መሃል ላይ ባለ አንድ ከተማ ይቆጠር፤ የሚከፈለውም ከሦስቱ ቆጠራዎች ውስጥ ብዙ ሰው በተገኘበት ይሰላ። ቁጥር ያለው ትኬት ይቆረጥ፤ ጉርዱ በየሳምንቱ ከስምሪት መዝገቡ ጋር ይመሳከር። ክፍያው ከወር በላይ ከዘገየ ሹፌሩ ሰዓቱን ትቶ እንደ ድሮው ሲሞላ መውጣት ይጀምራል። መዋጮውን በሕዝብ ብዛት ማካፈል ደግሞ ጅማን ከልክ በላይ ያስከፍላል፤ ትንንሾቹም የራሳቸው ጉዳይ አድርገው አይከታተሉትም። ተሳፋሪው በሚወርድበት ከተማ ልክ ቢሰላ ሁሉም የከፈለውን ያየዋል።

የሸቤ መስመር አንድ ተጨማሪ እንቅፋት አለበት። የጎጀብን ወንዝ ሲሻገሩ ካፋ ነው፤ ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ወዲህ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ነው። ከክልል ክልል የሚሄድ መኪና ፈቃዱና ታሪፉ ከዞን ውስጥ መኪና የተለየ ስለሆነ፣ ከሸቤ ወዲያ ያሉ የመንገድ ዳር ገበያተኞች በአጭር ርቀት መኪና ስሌት ውስጥ አይገቡም። በጅማና በቦንጋ መካከል የጋራ ስምሪት እስካልተፈረመ ድረስ ወደ ቦንጋ የሚሄድ ሰው ሸቤ ላይ መኪና እቀይራለሁ ብሎ ከሚነሳ፣ ከጅማ ቀጥታ የቦንጋ መኪና በጠዋት ቢይዝ ይሻለዋል። ሸቤ ላይ ከሰዓት በኋላ የሚያልፉት መኪኖች አብዛኛውን ጊዜ ከጅማ ሞልተው የወጡ ናቸው።