ኮሮላ 98 ሞዴል ደብረ ብርሃን ላይ፣ ከአስር ወር በኋላ፦ ጠዋት ጠዋት እየተነሳች ለምን ትጠፋ ነበር

ይቺን ኮሮላ የገዛኋት ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ነው፣ አሁን ነሐሴ ስለሆነ ከሷ ጋር አስር ወር ሞላኝ። 1998 ሞዴል፣ 1300 ሲሲ፣ 4ኢ-ኤፍኢ የሚባለው ሞተር፣ ማንዋል ማርሽ፣ ካርቡራተር ሳይሆን ኢንጀክሽን ናት። ቤቴ ደብረ ብርሃን ጠባሴ ነው፣ ሥራዬ ጫጫ፣ ስለዚህ በየቀኑ ጠዋት መነሳት አለባት፣ ቅዳሜና እሁድ ደሞ ወይ እናቴ ጋ ወደ ጉዶ በረት እሄዳለሁ ወይ ሸዋ ሮቢት እወርዳለሁ። ስለ ወንበሯ ስለ ቀለሟ ምናምን ብዙ አልልም፣ ኮሮላን የማያውቅ የለም። መጻፍ የፈለኩት ሁለት ወር ሙሉ ስላሳቃየኝ ነገር ነው፣ ጠዋት ተነስታ ስለመጥፋቷ፣ ምክንያቱም እኛ ጋ ብዙ ሰው ለዚህ ችግር የቤንዚን ፓምፕ እየገዛ ነው፣ እኔም ገዝቻለሁ።

ስገዛት ያየኋት ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ነበር፣ ፀሐይ ላይ ቆማ፣ ሻጩም ሞተሩን አስነስቶ ነው የጠበቀኝ። ያኔ ምኑም አልታየኝም። አሁን መኪና ልግዛ ለሚለኝ ሁሉ የምለው፣ ጠዋት በአስራ ሁለት ሰዓት ሂድ፣ ኮፈኑን በእጅህ ንካው፣ ሞቅ ካለህ ነገ ተመለስ፣ ያደረ ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ ካላየህ ብር አትቁጠር።

ጥቅምትን ያለ ምንም ችግር ጨረስን። ህዳር ገብቶ ውርጩ ሲጀምር ነው ነገሩ የመጣው። ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ከህዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ከዜሮ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ፣ ጠዋት የፊት መስታወቱ ላይ ነጭ ነገር ተጋግሮ በሞባይል ካርድ ነው የምፍቀው። ቁልፉን ሳዞር ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ደህና ይዞራል፣ ሞተሩም ቶሎ ይነሳል፣ ከዛ ሁለት ሶስት ሰከንድ ቆይቶ ሚኒሞው፣ ማለትም ቤንዚን ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት፣ ይወርዳል ይወርዳል፣ መኪናዋ ትንቀጠቀጥና ጭጭ። ድጋሚ ሳስነሳት ያው። በአራተኛው ወይ በአምስተኛው ቤንዚን እየሰጠሁ እንደምንም ካቆየኋት አምስት ደቂቃ ስትንገዳገድ ትቆይና ከዛ በኋላ ቀኑን ሙሉ ምንም አትልም። አንድ ቀን ልጄን ትምህርት ቤት ላደርስ ስወጣ አስፋልቱ ላይ እንደታጠፍኩ ጠፍታብኝ ከኋላዬ አይሱዙ እየመጣ ነበር፣ ያን ቀን ነው ይሄ ነገር መፈታት አለበት ያልኩት።

ጎረቤታችን ድሮ ላንድሮቨር ይነዱ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው፣ ድምፁን ሰምተው ወጥተው "ልጄ፣ ሳታስነሳት በፊት ሶስቴ ቤንዚኑን ርገጠው" አሉኝ። ለካርቡራተር ልክ ናቸው፣ እዛ ላይ ፔዳሉ ሲረገጥ ቤንዚን ወደ ውስጥ ይረጫል። ኢንጀክሽን ላይ ግን ሞተሩ ሳይዞር አስር ጊዜ ብትረግጠው ጠብታ አይገባም፣ ስንት ቤንዚን እንደሚገባ የሚወስነው ኮምፒውተሩ ነው፣ ኮምፒውተሩ ደሞ የሚወስነው ሴንሰሮቹ በነገሩት ነው። ይሄን ያኔ ባውቀው ኖሮ ብዙ ብር በተረፈኝ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ ካንዴላ ቀየሩ፣ ያው ናት። የቤንዚን ፊልትሮ ቀየሩ፣ ያው። ከዛ "ፓምፑ ደክሟል" ተባልኩ፣ ፕሬዠሩን ማንም ሳይለካው። ፓምፑ ብቻውን ከዛ በፊት ካወጣሁት ሁሉ ይበልጣል፣ ተበድሬ ነው የገዛሁት፣ ተገጠመ፣ በማግስቱ ጠዋት እንደ ልማዷ ተነስታ ጠፋች። በዚህ በጣም አዝኛለሁ፣ ለብሩ ብቻ አይደለም፣ ሳይለኩ መገመታቸው ነው ያናደደኝ። የዚህ ዓይነት ቶዮታ ላይ ሞተሩ ከጠፋ ከአምስት ደቂቃ በኋላ መስመሩ ውስጥ ቢያንስ 147 ኪሎ ፓስካል መቅረት አለበት፣ ጌጅ ይታሰራል፣ ይታያል፣ አለቀ።

ነገሩን ያበራልኝ ሸዋ ሮቢት ነው። ታህሳስ ላይ ለቅሶ ነበረብን፣ ሁለት ሌሊት እዛ አደርኩ። ሸዋ ሮቢት 1280 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሙቀት ነው፣ ሁለቱንም ጠዋት በአንድ ቁልፍ ተነሳችልኝ፣ ንቅንቅ አላለችም። በደብረ ሲና በጣርማ በር አድርጌ ተመለስኩ፣ ቤት አደረች፣ ጠዋት ጠፋች። ያኔ ቁጭ ብዬ አሰብኩ፣ ከፍታው ነው ወይስ ብርዱ? ከፍታው ቢሆን እኮ እዚሁ ደብረ ብርሃን ቀን ላይ ቆማ ስትነሳም በጠፋች ነበር። ፓምፑም ቢሆን ቀን እና ማታ አይመርጥም። ስለዚህ የቀረው ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆኑን የሚያውቅ ወይም ማወቅ ያለበት ዕቃ ነው።

ይሄን ይዤ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ አንድ ልጅ ጋ ሄድኩ። ሰምቶኝ ሲጨርስ ኮፈኑን እንኳን አልከፈተም፣ "ጋሼ፣ ማታ አምጥተው እዚህ ያሳድሯት፣ እኔ ጠዋት ማንም ሳይነካት ነው የማያት" አለኝ። ደስ አለኝ፣ እስከዛ ድረስ የሄድኩባቸው ሁሉ ሞቃ ስትደርስ ነበር የሚያዩዋት።

ጠዋት ስደርስ ሞተሩ ብረቱ በእጅ አይያዝም፣ በረዶ ነው። ልጁ ኮፈን ስር ያለችውን ትንሽ ጥቁር ሳጥን ክዳኗን ከፍቶ ቲኢ1 እና ኢ1 የሚሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ አገናኘና ቁልፉን ሳያስነሳ ከፈተው፣ ዳሽቦርድ ላይ የሞተር መብራቷ ብልጭ ብልጭ ማለት ጀመረች። ሁለቴ ብልጭ ብላ አርፋ ደግማ ሁለቴ ካለች ኮዱ 22 ነው፣ የውሃ ሙቀት ሴንሰር። ሶስት ከዛ አንድ ከሆነ 31፣ የአየር ግፊቱ ሴንሰር። የኔዋ ግን ሳታርፍ በእኩል ነው ብልጭ የምትለው፣ ማለትም የተመዘገበ ችግር የለም። ተስፋ ልቆርጥ ስል ልጁ "ይሄ ማለት እኮ ደህና ነው ማለት አይደለም" አለኝ። ኮምፒውተሩ የሚጮኸው ሽቦው ሲበጠስ ወይ ሾርት ሲሆን ነው፣ ሴንሰሩ የማይሆን ነገር ሳይሆን ሊሆን የሚችል ውሸት ከነገረው ያምነዋል።

ከዛ ሶኬቱን ነቅሎ የሴንሰሩ ሁለት እግሮች ላይ ቴስተሩን አደረገ። ይሄ ሴንሰር ሲቀዘቅዝ ሬዚስታንሱ ይጨምራል ሲሞቅ ይቀንሳል፣ ዜሮ ዲግሪ ላይ ከ4 እስከ 7 ኪሎ ኦም፣ 20 ዲግሪ ላይ ከ2 እስከ 3፣ 80 ዲግሪ ላይ ከ0.2 እስከ 0.4 ነው መሆን ያለበት። በዛ ውርጭ ቴስተሩ ያሳየው 1.12 ኪሎ ኦም ነበር። "ጋሼ፣ ሞተሩ 40 ዲግሪ ነኝ እያለ እኮ ነው" አለኝ። እጄ ሞተሩ ላይ ነበር፣ ጣቶቼ ደንዝዘዋል።

ለምን እንደሚያጠፋት ያኔ ገባኝ። ቤንዚን ሲበርድ በደንብ አይተንም፣ ከፊሉ የማስገቢያው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቀራል፣ ስለዚህ ብርድ ላይ ኮምፒውተሩ ተጨማሪ ቤንዚን መስጠት፣ አየርም ጨምሮ ሚኒሞውን ከፍ ማድረግ አለበት። 40 ዲግሪ ነው ከተባለ ግን ሁለቱንም ይቆጥባል። ሞተሪኖው ሲዞር በሚገባው ቤንዚን ትነሳለች፣ ከዛ የሚያቆያት ታጣለች።

በዛው ቀን ትሮትል ቦዲውንም (ቤንዚን ሲረገጥ አየር የሚያስገባው ክፍል) አወረደው። ሚኒሞ የሚቆጣጠረው ቫልቭ እዛው ስር ነው ያለው፣ ውስጡ ጥቁር ጥላሸት ተጋግሮበት በጣት ስታዞረው ይይዝ ነበር፣ በካርቡራተር ማጠቢያ ስፕሬይ በጥርስ ብሩሽ እስኪላላ አጠበው፣ በስሩ የሚያልፈው የራዲያተር ውሃ መስመርም በዝገት ጠቦ ነበር። ከዚህ በፊት የነዷት ሰዎች ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ሲሞሉባት ኖረዋል፣ ጥፋቱ የሞተሩ አይደለም።

ሴንሰሩን መጀመሪያ ኮፒ ነው የገዛሁት፣ አዲስ፣ በካርቶን፣ ርካሽ። ሁለት ወር በደንብ ሠራ፣ የካቲት መጨረሻ ላይ ትንሽ ትንሽ መንቀጥቀጥ ስትጀምር አሁን በራሴ ቴስተር ለካሁት፣ ከ3 በላይ መሆን ባለበት ጠዋት 1.9 አለኝ፣ የሸጠኝ ሱቅ የኤሌክትሪክ ዕቃ አይመለስም አለ። ከዛ አዲስ አበባ ስወርድ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄጄ ያገለገለ ኦሪጅናል ፈለኩ፣ ቴስተሬን ይዤ። ሱቁ ውስጥ ሲለካ 2.3፣ ጥሩ ነው፣ ግን እሱ ብቻ አይበቃም፣ ከጎን ሻይ ከምትሸጠዋ እህት አንድ ብርጭቆ የፈላ ውሃ ለመንኩና ጫፉን ነከርኩት፣ ቁጥሩ ሳይዘል ሳይቆም ቀስ እያለ ወረደ፣ 1.5፣ 0.9፣ 0.5፣ 0.36። ሻጩም አብሮኝ አንገቱን አስግጎ ሲያይ ነበር። እሱን ገዛሁ፣ ይኸው ስድስት ወር ሊሆነው ነው። ከአዲስ ኮፒ የተለካ አሮጌ ኦሪጅናል ይሻላል ባይ ነኝ።

ሌላው ቴርሞስታቱ ነው፣ ሲከፈት ቦታው ባዶ ሆኖ ተገኘ። እኛ ሀገር መኪና ሞቀ ሲባል ቴርሞስታት መንቀል ልማድ ነው፣ ቆላ ለሚነዳ ሰው ሀሳቡ ይገባኛል፣ ግን የተደፈነ ራዲያተር በዚህ አይድንም፣ ደብረ ብርሃን ላይ ደሞ ጭራሽ ሞተሩን መግደል ነው። የዚህ ሞተር ቴርሞስታት 82 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚከፈተው፣ እስከዛ ውሃው ሞተሩ ውስጥ ይቆይና ቶሎ ይሞቃል። ያለሱ ጫጫ እስክደርስ የሙቀት መርፌው ግማሽ አይደርስም ነበር፣ ሞተሩ ሁሌም ብርድ ላይ ነኝ እያለ ቤንዚን ይጠጣል። ከተገጠመ በኋላ በሊትር ከ9 ኪሎ ሜትር ወደ 12 ገባች፣ የውስጥ ማሞቂያውም ሠራ፣ ልጄ ጓንት ማድረግ አቆመች። ውሃውን አውጥቼ ኩላንት ግማሽ በግማሽ ሞላሁ።

ከዚህ ውጪ መኪናዋን ወድጃታለሁ። ጣርማ በር ላይ ከ3000 ሜትር በላይ ስትወጣ ጉልበት ይጎድላታል፣ አየሩ ስለሚሳሳ ማንኛውም ሞተር ይጎድለዋል፣ ግን የአየር ግፊት ሴንሰር ስላላት ቤንዚኑን ራሷ ትቀንሳለች፣ እንደ ካርቡራተር ጥቁር ጭስ አታወጣም። ቁልቁለቱን ሁልጊዜ በሁለተኛ ማርሽ ነው የምወርደው፣ ፍሬኗ ጥሩ ቢሆንም። ጉም ሲሆን የፊት መብራቷ ደካማ ነው፣ እናቴ ቤት መግቢያ ኮረኮንቹ ላይ ሆዷ ይነካል። መለዋወጫ ግን የትም አለ፣ ለዚህ ብዬ ድጋሚ ብገዛ ይቺኑ እገዛለሁ።

አሁን ሐምሌንም በዛ ዝናብና ብርድ አልፈናል፣ ጠዋት በአንድ ቁልፍ ተነስታ በደቂቃ 1500 ዙር አካባቢ ትቆይና ስትሞቅ 750 ላይ ትረጋለች። የቀረችኝ አንዲት ነገር፣ ማታ መብራትና ማሞቂያ ባንዴ ሳበራ ሚኒሞዋ ለአፍታ ዝቅ ትላለች፣ ያ ቫልቭ ድጋሚ መታጠብ ሳይፈልግ አይቀርም። የትሮትል ቦዲውን ጓርኒሲዮን (መጋጠሚያው ላይ የሚገባውን ማሸጊያ) ገዝቼ ቤት አስቀምጫለሁ፣ ውርጩ ሳይመጣ መስከረም ላይ እከፍተዋለሁ።