ውጅግራ ወይስ ባለ አንበሳው ቤልጅግ?

የካቲት 23 ሲቃረብ ስልኬ በአሮጌ ጠመንጃ ፎቶግራፍ ይሞላል። «ይህ ስንት ያወጣል?» «ይህ የዓድዋ ነው?» የሚሉኝ እዚህ አሜሪካ ያሉ ወዳጆቼ ናቸው፤ ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ የአያት ዘመን ጠመንጃ መስቀል አምሯቸዋል። ለእያንዳንዱ ከምመልስ አንዴ ጽፌው ልገላገል። (አገር ቤት ላላችሁ ይህ አይሆንም፤ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዝም መሸጥም ክልክል ነው።) ምክሬን ሳላስጠብቅ ልናገር፦ ከፈረንሳዩ ጠመንጃ ከውጅግራና አንበሳ ከታተመበት ከቤልጅግ ሥራው ጠመንጃ ውጅግራውን ግዙ።

ባለ አንበሳውን ጠልቼው አይደለም፤ ከስሬበት ነው። ከሦስት ዓመት በፊት 850 ዶላር ከፍዬ የይሁዳ አንበሳ የታተመበት ቤልጅግ ገዛሁ። ሻጩ ከክብር ዘበኛ ግምጃ ቤት የወጣ ነው ብሎ ማለልኝ። ማጓጓዣው 45፣ ተቀብሎ ያስረከበኝ ባለ ፈቃድ ነጋዴ 40፣ የመረመረው ጠመንጃ ሠሪ 90። ደምሩት፤ 1,025 ዶላር ነው። ጠመንጃ ሠሪው አጉሊ መነጽሩን አቀበለኝና «አንበሳውን እየው» አለኝ። ዙሪያው ያለው ብረት በመዳፍና በዝገት ብዛት ሙልጭ ብሏል፤ የፋብሪካው ስም እንኳን በጭንቅ ነው የሚነበበው። አንበሳው ግን የጎፈሩ ጸጉር እስኪቆጠር ድረስ ጥርት ብሏል። ብረቱ ሲያረጅ እሱ ብቻውን ጎረምሳ ሆኖ ቀርቷል። የመቀርቀሪያውም ቁጥር ከአካሉ ቁጥር ጋር አይገናኝም። ጠመንጃው እውነተኛ የቤልጅግ፣ የኤርስታል ፋብሪካ ሥራ ነበር፤ ሐሰተኛው አንበሳው ነው። እኔ ደግሞ ግማሹን ገንዘብ የከፈልኩት ለአንበሳው ነበር።

ውጅግራን እንዲህ አድርጎ ማጭበርበር ብዙ ትርፍ የለውም፤ ዋጋውን የሚያንረው አንድ ማኅተም የለበትምና። ስሙ ራሱ «ፉዚ ግራ» የሚለው ፈረንሳይኛ በእኛ አፍ ተሞርዶ የወጣ ነው። ፈረንሳዊው ሻምበል ባዚል ግራ የነደፈው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር የ1874 ጠመንጃ ነው፤ 11 ሚሊ ሜትር፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ፤ ዓድዋ ላይ በወገን ጦር እጅ ነበረ። በአካሉ ጎን በተጠማዘዘ የእጅ ጽሕፈት ዓይነት የፋብሪካው ስም ይነበባል፤ ብዙውን ጊዜ ሴንት ኤቲየን ነው። የተሠራበትን ዓመት አፈሙዙ ከአካሉ ጋር ከሚገናኝበት ሥሩ ላይ ፈልጉት። በፈረንጅ 1880 የተሻሻለው «ኤም 80» የሚል ምልክት ይጨመርበታል። የአካሉ፣ የአፈሙዙና የመቀርቀሪያው ቁጥር አንድ ከሆነ ሳትከራከሩ ግዙት።

የእኔን 380 ዶላር ገዛሁት፤ ማጓጓዣው 45፣ ሌላ ወጪ የለም። በፈረንጅ አቆጣጠር እስከ 1898 የተሠራ ጠመንጃ በአሜሪካ ፌደራል ሕግ እንደ ቅርስ ስለሚታይ፣ እንደ ቤልጅጉ በባለ ፈቃድ ነጋዴ በኩል ሳያልፍ በቀጥታ ቤቴ መጣ። የአንዳንድ ግዛቶች ሕግ ስለሚለይ ግን የየግዛታችሁን እዩ። መተኮስ ለሚፈልግ ቤልጅጉ ይሻላል፤ የእሱ 7.92 ሚሊ ሜትር ጥይት ዛሬም ይመረታል፣ የውጅግራ ጥይት ግን ሱቅ ውስጥ የለም። እኔ የምሰቅለው ግድግዳ ላይ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከኢትዮጵያ መጋዘን ወጥተው እዚህ ከገቡት ብዙዎቹ ሰደፋቸው የተሰነጠቀ ነው። የእኔም ውጅግራ አንገቱ ላይ ጥሬ ቆዳ ተጠምጥሞበታል፤ እርጥብ ሆኖ ተጠቅልሎ ሲደርቅ እንደ ብረት ጠብቋል። ሻጩ ለዚህ «ጉድለት» 60 ዶላር ቀነሰልኝ፤ እኔ ብሆን 60 እጨምርበት ነበር። ፈረንሳይ አገር መጋዘን ውስጥ እንዳልከረመ የሚመሰክርልኝ እሱ ነው። የባለቤቴ ወንድም የራሱን ፈትቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ ቫርኒሽ ቀባው። አሁን የቡና ጠረጴዛ ይመስላል፤ የገዛበትን ግማሽ የሚሰጠው ሰው አላገኘም።

«ከዓድዋ የተማረከ» ተብሎ ካርካኖ የሚባለው የጣሊያን ጠመንጃ ቢቀርብላችሁ አፈሙዙን አንብቡ። አንዱ የላከልኝ ፎቶግራፍ 1937 ይላል፣ አጠገቡ የሮማ ቁጥር 15 አለ፤ የሙሶሊኒ ዘመን መቁጠሪያ ነው። ወደ እኛ አቆጣጠር ብንመልሰው እንኳን 1929 ነው፤ ዓድዋ 1888። ዓድዋ ላይ የጣሊያን ወታደር በብዛት የያዘው ቬተርሊ የተባለውን ሌላ ጠመንጃ ነበር። «የመቅደላ» እየተባለ የሚሸጠው የእንግሊዝ ጠመንጃ ማርቲኒም እንዲሁ ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር እንግሊዞች ማርቲኒን የተቀበሉት በ1871 ሲሆን መቅደላ የወጡት በ1868፣ ስናድር የሚባለውን የቀደመ ጠመንጃ ይዘው ነው። ጽሑፉ ላይ ኤን የምትባለዋ የላቲን ፊደል ተገልብጣ ካያችሁ ደግሞ እንግሊዝ አልነካውም፤ አፍጋኒስታንና ፓኪስታን ድንበር ላይ በእጅ የተቀጠቀጠ ቅጂ ነው።

ምንሽር አገኘሁ ለምትሉ፦ ከአሥሩ ስምንታችሁ የላካችሁልኝ ምንሽር አይደለም። ምንሽር የኦስትሪያው ማንሊኸር ነው፤ አያቶቻችን ግን ያማራቸውን ጠመንጃ ሁሉ ምንሽር ይሉት ነበር።

ባለ አንበሳዬ አሁንም ጋራዥ ውስጥ ነው። በ400 ዶላር፣ ታሪኩን ሳልደብቅ፣ እሸጠዋለሁ። እስካሁን 350 ነው የተባልኩት።