ከቴሌግራም ሴቭድ ሜሴጅ ወደ ኪፓስኤክስሲ፦ የ14 ወር ልምዴ

ከ14 ወር በፊት ፓስወርዶቼ የት እንደነበሩ ልንገራችሁ። ግማሾቹ ቴሌግራም ሴቭድ ሜሴጅ ውስጥ፣ የተወሰኑት መሳቢያ ውስጥ ባለች አሮጌ አጀንዳ የመጨረሻ ገጽ ላይ፣ የቀሩት ጭንቅላቴ ውስጥ። ጭንቅላቴ ውስጥ ያሉት ደግሞ ሁሉም አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። ስሜ፣ ከዚያ የተወለድኩበት ዓመት። አንዱ ሳይት "ትልቅ ፊደል ጨምር" ካለኝ የመጀመሪያዋን ትልቅ አደርጋለሁ፤ "ምልክት ጨምር" ካለኝ መጨረሻው ላይ ቃለ አጋኖ አስቀምጣለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት ጓደኛዬ ደወለ። "ሰላም ነህ ወይ? 5 ሺህ ብር በአስቸኳይ የፈለግከው ምን ሆነህ ነው?" እኔ ምንም አልጠየቅኩም። ለካ ሌሊቱን በእኔ አካውንት ለማውቀው ሰው ሁሉ ተጽፏል። ከዓመታት በፊት ተመዝግቤ ከረሳሁት አንድ ድረ ገጽ የተጠቃሚዎች መረጃ ሾልኮ ነበር፤ እዚያ የተጠቀምኩት ፓስወርድ ኢሜይሌን ይከፍታል፤ ኢሜይሌ ደግሞ ሌላውን ሁሉ። የአክስቴ ልጅ ብሩን ልካ ነበር። እስካሁን ሳስበው ያመኛል።

ኪፓስኤክስሲን የጫንኩት በዚያው ሳምንት ነው። ለማያውቀው ባጭሩ፦ ነፃ የሆነ ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ) ፕሮግራም ነው፤ ዊንዶውስ፣ ማክና ሊኑክስ ላይ ይሠራል። መነሻው ዶሚኒክ ራይክል የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው ኪፓስ ነው። ፓስወርዶችህን ሁሉ አንድ ፋይል ውስጥ ከትቶ ይቆልፋቸዋል። ፋይሉን የሚከፍተው አንድ ማስተር ፓስወርድ ብቻ ነው። ምዝገባ የለም፣ ወርሃዊ ክፍያ የለም፣ ኢንተርኔትም አይፈልግም። እኔን የሳበኝ ይሄ የመጨረሻው ነው፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ፓስወርዴም አብሮ እንዲጠፋ አልፈልግም።

ሌላም ምክንያት ነበረኝ። የደንበኞቹን ፓስወርድ በራሱ ሰርቨር ላይ የሚያስቀምጠው ላስትፓስ የተባለ አገልግሎት ላይ እ.ኤ.አ. በ2022 የደረሰውን አንብቤያለሁ፤ ሰርጎ ገቦች የደንበኞችን የተቆለፈ ካዝና ቅጂ ይዘው ሄዱ። የተቆለፈ ነው፣ ግን ማስተር ፓስወርዱ ደካማ የሆነ ሰው ካዝናው ሌላ ሰው እጅ ገብቶ በየቀኑ እየተሞከረበት ነው ማለት ነው። የእኔ ፋይል ያለው እኔ ጋ ነው። ከ100 ኪሎባይት አይበልጥም፣ ውስጡ ግን 137 አካውንት አለ።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ማስተር ፓስወርዱን መምረጥ ነበር፤ እዚህ ላይ ሰው እንዲጠነቀቅ የምር እፈልጋለሁ። መጀመሪያ የአማርኛ ቃላትን በእንግሊዝኛ ፊደል ልጻፍ ብዬ "ፀሐይ" የሚል ያለበት አንድ ሐረግ ሠራሁ። በሦስተኛው ቀን መክፈት አቃተኝ። "ፀ"ን በሁለት ፊደል ነው የጻፍኩት ወይስ በአንድ? መጨረሻው "ዋይ" ነው ወይስ "አይ"? አማርኛን በላቲን ስንጽፍ ሁላችንም እንደመጣልን ነው የምንጽፈው፤ ለቴሌግራም ችግር የለውም፣ ለፓስወርድ ግን ገደል ነው። በግዕዝ ፊደል ልጻፈው ብትልም ያው ነው፤ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ። ለጆሮ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ደግነቱ ገና የጀመርኩበት ሳምንት ስለነበር ፋይሉን ጥዬ እንደ አዲስ ሠራሁ።

በመጨረሻ የልጄን የሉዶ ዳይስ አመጣሁ። 7,776 የእንግሊዝኛ ቃላት ያሉት የታወቀ ዝርዝር አለ፤ ዳይሱን አምስት ጊዜ ስትጥል የሚወጣው ቁጥር አንድ ቃል ይሰጥሃል። ስድስት ቃል፣ ሠላሳ ውርወራ። ፕሮግራሙ ራሱም በአንድ ክሊክ ይህንኑ ያደርግልሃል፣ እኔ ግን በእጄ ማድረግ ፈለግኩ። ቃላቱ እርስ በርስ ምንም ግንኙነት የላቸውም፣ ጥንካሬያቸውም እሱ ነው። ተረትና ምሳሌ ወይም የመዝሙር ስንኝ ግን አትጠቀሙ፤ እናንተ በቃላችሁ የያዛችሁትን ሌላውም ይይዘዋል።

ሌላው ችግር ኪቦርድ ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ አማርኛ ነው የምጽፈው። ፋይሉን ለመክፈት ስድስቱን ቃላት በጥንቃቄ እጽፋለሁ፣ "ተሳስተሃል" ይለኛል። እንደገና እጽፋለሁ፣ አሁንም። ልቤ መምታት ይጀምራል። ከዚያ ዳር ላይ ያለችውን የዓይን ምልክት ስጫን ነጥቦቹ ተገልጠው "ችፍግ" ምናምን የሚል ነገር ተደርድሮ አየሁ። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ነበር ለካ! አሁን ከመጻፌ በፊት ከታች ጥግ ያለውን የቋንቋ ምልክት ሳላይ እጄን አላነሳም።

በየቀኑ አጠቃቀሙ ቀላል ነው። ብሮውዘሩ ላይ የሚጫን ማገናኛ አለው፤ ሳይቱን ስከፍት እሱ ይሞላልኛል። ኮፒ ካደረግኩም ከ10 ሰከንድ በኋላ ፓስወርዱን ከክሊፕቦርድ (ኮፒ የተደረገ ነገር ለጊዜው ከሚቀመጥበት ቦታ) ያጠፋዋል። አንድ ጊዜ ግን ሳይሞላልኝ በመቅረቱ አዳነኝ። በቴሌግራም የመጣ ሊንክ ከፈትኩ፣ የማውቀው የባንክ ገጽ ይመስላል፣ ቀለሙም አርማውም ያው። ኪፓስኤክስሲ ዝም አለ። ተበላሸ ብዬ በእጄ ኮፒ ላደርግ ስል ቆም ብዬ አድራሻውን አየሁት፤ አንድ ፊደል ተቀይሯል። እኔ የማየው መልኩን ነው፣ እሱ የሚያየው አድራሻውን ነው።

ፓስወርዶችህ ከዚህ በፊት ሾልከው እንደሆነም ማረጋገጥ ትችላለህ። ኪፓስኤክስሲ፣ ትሮይ ሃንት የተባለ አውስትራሊያዊ ከሚያስተዳድረው የሾለኩ ፓስወርዶች ስብስብ ጋር ያመሳክርልሃል፤ ፓስወርድህን አይልክም፣ ከእሱ በስሌት የወጣውን ኮድ የመጀመሪያ አምስት ፊደላት ብቻ ነው የሚልከው። እኔ ሳደርገው 41 አካውንት ቀይ ሆነ። ሁሉንም ለመቀየር ሦስት ቅዳሜ ፈጅቶብኛል።

አሁን ወደሚከብደው። ፋይሉ የራስህ ነው ማለት ጠባቂውም አንተው ነህ ማለት ነው። ማስተር ፓስወርዱን ከረሳህ የሚደወልለት የለም። ቅጂ ከሌለህም እንደዚያው። በአምስተኛው ወር ፋይሉ ያለበትን ፍላሼን ፎቶ ኮፒ ቤት ሰክቼ ስመለስ ፋይሎቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው አገኘኋቸው። ላፕቶፔ ላይ ቅጂ ስለነበረ ተረፍኩ፤ የፓስወርድ ፋይሉ ያለበት ፍላሽ ከዚያ ወዲህ ከቤት አይወጣም።

ስልክ ላይ ደግሞ ራሱን የቻለ አፕ የለውም። እኔ አንድሮይድ ላይ ኪፓስዲኤክስ የሚባለውን ነው የምጠቀመው፣ ያንኑ ፋይል ይከፍታል። ስልኬ ላይ ለመከፈት ትንሽ ይዘገያል፤ ምክንያቱም የሚገምት ሰው እያንዳንዱን ሙከራ ለማድረግ እንዲደክም ቁልፉ ሆን ተብሎ ብዙ ስሌት እንዲጠይቅ ተደርጎ ነው የተሠራው፣ የስልኬ አቅም ደግሞ ከላፕቶፑ ያንሳል። ይሄ አያስቸግረኝም። የሚያስቸግረው ሁለቱን ማመሳሰል ነው። አንድ ጊዜ ስልኬ ላይ አዲስ ፓስወርድ ጨመርኩ፣ በዚያው ቀን ላፕቶፑ ላይም ሌላ ጨመርኩ፣ ከዚያ አንዱን በሌላው ላይ ገለበጥኩና የስልኩ ጠፋ። ሁለት ፋይል የሚያዋህድ ትእዛዝ እንዳለው ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው። አሁን ለውጥ የማደርገው ላፕቶፑ ላይ ብቻ ነው፤ ስልኩ ለማንበብ ነው።

የሞባይል ባንኪንግ ፒኔን እዚያ አላስቀመጥኩም። አራት ቁጥር በቃሌ እይዛለሁ።

ብቻውን ላልሆነ ሰው አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ እኔ ብታመምስ? ባለፈው ጥቅምት ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን ስድስቱን ቃላት በእጄ ወረቀት ላይ ጻፍኩ። ኮምፒውተሩን ከፍታ፣ ፋይሉን አግኝታ፣ የመብራት መክፈያውን ፓስወርድ ራሷ እስክታወጣ ድረስ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሁለት ጊዜ ተሳሳተች፣ በሦስተኛው ከፈተችው። ወረቀቱ በፖስታ ታሽጎ ከቤቱ ካርታ ጋር ተቀምጧል፤ የፋይሉ ቅጂ ያለበት ሁለተኛ ፍላሽም እዚያው ነው።